መግቢያው አላልቅ ያለው ትርኢት

በአገራችን ደንብ እንግዳ ከመብላቱ በፊት እጁን ይታጠባል። ማስታጠቢያው ሲቀርብ፥ ውሃው ሲንቆረቆር፥ ፎጣው ሲዘረጋ እንግዳው ገበታ እንደ ደረሰ ያውቃል። አሁን አስታጣቢዋ ውሃ ማፍሰሷን አላቆምም ብላለች እንበል። እንግዳው በመጀመሪያ በትሕትና ይታገሣል፤ ቀጥሎ ይሥቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደ ጓዳው በሥጋት መመልከት ይጀምራል። ውሃው ሞልቶ ምንጣፉን ሲያርሰው፥ «ለመሆኑ በዚህ ቤት ወጥ ተሠርቷልን?» ብሎ ይጠይቃል። በ2014 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየ አንድ የዐሥራ አንድ ደቂቃ ቀልድ በተመልካቾቹ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የትርኢቱ ስም «ቱ ሜኒ ኩክስ» ይባላል። «ኩክ» በእንግሊዝኛ ወጥ ሠሪ ማለት ሲሆን፥ ወጥ ሠሪ ሲበዛ ወጡ ይበላሻል የሚል ተረት በዚያ ቋንቋ አለ። ደግሞም ኩክ የተለመደ የቤተ ሰብ ስም ስለ ሆነ አርእስቱ በሁለቱም ትርጕም ይጫወታል። ደራሲውና አዘጋጁ ካስፐር ኬሊ የተባሉ ሰው ናቸው። ያሳየው ጣቢያ «አደልት ስዊም» ነው፤ የመጀመሪያ ጊዜ የታየውም ኦክቶበር 28 ቀን 2014 ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ ነበር። ይህ ሰዓት ሰው ሁሉ የሚተኛበት፥ ጣቢያዎችም ለሸቀጥ ማስታወቂያ የሚተዉት ጊዜ ነው። ሆኖም ፊልሙ በኢንተርኔት በወጣ ጊዜ በጥቂት ቀን ውስጥ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሰዎች ተመለከቱት። በውስጡ ደም የሚፈስበት ስለ ሆነ ለታናናሾቻችን የሚሆን አይደለም፤ ወላጆች ይህን አስቀድመው ቢያውቁት መልካም ነው። ለእኛ ለትልልቆቹ ተማሪዎች ግን ብዙ የሚያስተምረን ነገር አለበት።

አስቀድሞ አንድ ጥያቄ መነሣት ይገባዋል። ፓሮዲ የሚባለው የቀልድ ዓይነት፥ ማለት አስመስሎ ማፌዝ፥ የሚፌዝበትን ነገር ለማያውቅ ሰው ጣዕም የለውም ይባላል። የአንድ መምህርን አረማመድ እየቀዳ ክፍሉን የሚያሥቅ ተማሪ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣውን ልጅ አያሥቀውም። በአገራችን ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1964 ነው፤ አሜሪካውያን በየሳምንቱ እያዩ ያደጉባቸውን የቤተ ሰብ ቀልዶችም አብዛኞቻችን አላየናቸውም። ታዲያ የማናውቀው ነገር ሲፌዝበት እኛን ስለ ምን ያሥቀናል? መልሱን ለማግኘት ፌዙን ትተን መጀመሪያ እውነተኞቹን መመርመር ያስፈልጋል።

ሲትኮም የሚባለው የግማሽ ሰዓት ቀልድ ነው። ያው ቤት፥ ያው ሶፋ፥ ያው ሰዎች በየሳምንቱ ይቀርባሉ፤ አዲስ ችግር ይመጣባቸዋል፤ ግማሽ ሰዓቱ ሳያልቅ ችግሩ ይፈታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ምንም እንዳልደረሰባቸው ሆነው ይጀምራሉ። ለብዙዎቹ አብነት የሆነው በ1951 የተጀመረው «አይ ላቭ ሉሲ» ነው። ወይዘሮ ሉሲል ቦልና ባለቤታቸው ዴሲ አርናዝ በተመልካች ፊት እየተጫወቱ በሦስት የፊልም ካሜራ በአንድ ጊዜ ይቀረጹ ነበር። የካሜራውን ሥራ ይመሩ የነበሩት ካርል ፍሮይንድ ቀደም ሲል በጀርመን አገር «ሜትሮፖሊስ» የተባለውን ታላቅ ፊልም ካነሡት ሰዎች አንዱ መሆናቸው የሚያስገርም ነው። የሉሲ ትርኢት መግቢያ በመጀመሪያ ጊዜ በእጅ የተሣሉ ትንንሽ ሰዎች ከሲጋራ ፓኮ ጋር የሚጫወቱበት ነበር፤ ወጪውን የሚችለው የፊሊፕ ሞሪስ ሲጋራ ኩባንያ ነበርና። ዛሬ ሁሉ የሚያስታውሰው፥ በልብ ቅርጽ ላይ ስም የተጻፈበት መግቢያ የተሠራው በኋላ ትርኢቱ ሲደገም ነው።

መግቢያዎቹ ረዘም ያሉበት ምክንያት ግልጽ ነው። በዚያን ዘመን ያመለጠን ትርኢት በቤት ውስጥ ቀድቶ መመልከቻ መሣሪያ አልነበረም። ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን የከፈተ ሰው ያለፈውን ሳምንት ላያውቅ ይችላል፤ ስለዚህ ነገሩ ከሥሩ በየሳምንቱ ይዘፈንለት ነበር። በ1969 የተጀመረው «ዘ ብሬዲ በንች» ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ሦስት ወንዶች ልጆች ያሉት አባትና ሦስት ሴቶች ልጆች ያሏት እናት ተጋብተው አንድ ቤተ ሰብ እንደ ሆኑ ዘፈኑ ይተርካል። በዚያን ጊዜ ስክሪኑ በዘጠኝ አራት ማዕዘን ይከፈላል፤ በስምንቱ ወላጆችና ልጆች፥ በመካከለኛው የቤት ሠራተኛዋ አሊስ ትታያለች። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው የተነሣ ሆኖ ሳለ ወደ ላይ፥ ወደ ታች፥ ወደ ጎን እየዞረ ጐረቤቱን ያየ ይመስላል። አንድ ቤተ ሰብ መሆን በአንድ ደቂቃ ውስጥ በሥዕል ተገለጠ ማለት ነው። በ1961 በተጀመረው በ«ዘ ዲክ ቫን ዳይክ ሾው» ደግሞ፥ ባለቤቱ ወደ ሳሎኑ ሲገባ በአንዱ መግቢያ በበርጩማ ተደናቅፎ ይወድቃል፤ በሌላው በዘዴ ዘወር ብሎ ያልፈዋል። ተመልካቹ ዛሬ የትኛው እንደሚመጣ ስለማያውቅ ያንኑ በርጩማ ለዓመታት በጕጕት ጠበቀው። እኔ እንደሚመስለኝ ከመግቢያዎች ሁሉ ብልኁ ይህ ነው።

ሣቁም ቢሆን የተዘጋጀ ነበር። ቻርሊ ዳግላስ የተባሉ የድምፅ ባለሙያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሣቅ ሣጥን ሠሩ። ሣጥኑ እንደ ጽሕፈት መኪና ቁልፎች ነበሩት፤ አንዱ ሲነካ የሴት ፈገግታ ያለበት ሣቅ፥ ሌላው ሲነካ የብዙ ሰው ሁካታ ይሰማል። ሚስተር ዳግላስ ሥራቸውን ማንም እንዳያይባቸው ሣጥኑን በጓጉንቸር ቈልፈው ይዘውት ይዞሩ ነበር። እንግዲህ ብዙ ሰው በቤቱ ተቀምጦ ይሥቅ የነበረው ከማይታወቁ፥ ምናልባትም ከሞቱ ሰዎች ድምፅ ጋር ነው። ሁልጊዜ ግን ደስ አላሰኘም። በጦር ሜዳ ሐኪም ቤት ስለሚሠሩ ሐኪሞች በሚናገረው «ማሽ» በተባለው ትርኢት (ከ1972 እስከ 1983) አዘጋጆቹ ሣቁ በቀዶ ጥገናው ክፍል ውስጥ እንዳይሰማ አድርገው ነበር። የቈሰለ ሰው ተኝቶ ሳለ ማን እንደሚሥቅ ስለ ከበዳቸው ይመስላል።

እንግዲህ ዘፈኑ፥ ወደ ካሜራ ዘወር ብሎ ፈገግ ማለቱ፥ ከሥሩ የሚጻፈው ስም በአንድነት የሚሰጡት አንድ የተስፋ ቃል ነው። ይኸውም፥ እነዚህ ሰዎች ደጎች ናቸው፤ ክፉ ነገር አያገኛቸውም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም እዚሁ ይገኛሉ የሚል ነው። ተመልካቹ ከቀልዱ ይልቅ የሚፈልገው ይህን ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። ቀልዱ ብዙ ጊዜ ደካማ ነበር፤ ሰው ግን ይመለስ ነበር።

የተስፋው ቃል ለሁሉ እኩል አለመሆኑን ደግሞ ልብ ማለት ያሻል። ከ1964 እስከ 1967 በታየው «ጊሊጋንስ አይላንድ» በአንዲት ደሴት ላይ የቀሩ ሰባት ሰዎች ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት የመግቢያው ዘፈን አምስቱን አንድ በአንድ ከጠራ በኋላ ሁለቱን፥ ማለት ፕሮፌሰሩንና ሜሪ አንን፥ «የቀሩትም» ብሎ በጅምላ አለፋቸው። ሰባት ሰው ባለበት ደሴት ሁለት ሰው «የቀሩትም» መባሉ ራሱ ቀልድ ይመስላል፤ ለተዋንያኑ ለራስል ጆንሰንና ለዶውን ዌልስ ግን ቀልድ አልነበረም። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ዘፈኑ ተለውጦ ስማቸው ገባ፤ ይህም የሆነው ዋናው ተዋናይ ቦብ ዴንቨር ስለ ጓደኞቻቸው ተከራክረው ነው ይባላል። በክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ስሙ የተዘለለ ተማሪ ነገሩን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ይህን ወግ ከቀደምት ፌዘኞች ሁሉ በርትተው የነኩት በ1982 «ፖሊስ ስኳድ!» የተባለውን ትርኢት ያቀረቡት ሁለቱ ዙከር ወንድማማቾችና ጂም አብርሃምስ ናቸው። በዚያ ዘመን በመግቢያው ላይ የዕለቱ የክብር እንግዳ ተዋናይ ስም በታላቅ ድምፅ ይታወጅ ነበር። እነርሱም አወጁ፤ ነገር ግን እንግዳው ስሙ በተጠራ ቅጽበት በዚያው በመግቢያው ላይ ይገደልና በትርኢቱ ውስጥ ከቶ አይገኝም። ከነዚህ እንግዶች አንዷ ከላይ የተናገርሁላችሁ የብሬዲ ቤተ ሰብ እናት ሆነው ይጫወቱ የነበሩት ፍሎረንስ ሄንደርሰን ነበሩ፤ በማእድ ቤት እያዜሙ ሳሉ በጥይት ተመቱ። ደግሞም በየጊዜው «ሬክስ ሃሚልተን እንደ አብርሃም ሊንከን» ተብሎ ይታወጅ ነበር፤ ሊንከንም ሲተኰስባቸው ዘወር ብለው ይተኵሳሉ፤ ከዚያ በኋላ በታሪኩ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አይታዩም። የዕለቱ አርእስት በድምፅ ሲነገር አንድ ሲሆን በጽሑፍ ሲታይ ሌላ ነው። ትርኢቱ ከስድስት ክፍል በኋላ ተቋረጠ። የጣቢያው ኀላፊ የሰጡት ምክንያት ተመልካቹ ቀልዱን ለማግኘት ዐይኑን ተክሎ መመልከት ይኖርበታል የሚል ነበር። ይህ ምክንያት ከቀልዱ የበለጠ ያሥቃል፤ ሆኖም እውነት አለበት። ሲትኮም ሰው ልብስ እየተኰሰ፥ ሽንኩርት እየከተፈ በግማሽ ዐይኑ እንዲያየው የተሠራ ነገር ነው፤ ፌዙ ግን ሁለቱንም ዐይን ይፈልጋል።

አሁን ወደ ኬሊ ሥራ እንመለስ። የመጀመሪያው ደቂቃ ፌዝ አይመስልም። በ1980ዎቹ አሠራር፥ በደበዘዘ ቀለም፥ ዘፈኑ ስለ ብዙ ወጥ ሠሪዎች እየደጋገመ ሲዘፍን፥ አባት ዘወር ይልና ፈገግ ይላል፤ ስሙ በቢጫ ፊደል ከሥሩ ይጻፋል። እናትም እንዲሁ። ልጆችም እንዲሁ። ከዚያ ሌሎች ሰዎች ይመጣሉ፤ ደግሞ ሌሎች፤ ቤቱ ይሞላል። ዘፈኑ ያለቀ ሲመስል እንደገና ይነሣል። ቀጥሎ ሳሎኑ ይቀርና መሥሪያ ቤት ይሆናል፤ መሥሪያ ቤቱ የፖሊሶች ትርኢት ይሆናል፤ ከዚያ የባለጠጎች ቤት፥ የልጆች የሥዕል ፊልም፥ የጠፈር ጕዞ ይከተላል። በየቦታው የሚደረገው ግን ያው ነው፤ ዘወር ማለት፥ ፈገግ ማለት፥ ስም መጻፍ። ስማርፍ የተባለ የድመት አሻንጕሊት ሳይቀር በቢጫ ፊደል ይመዘገባል።

የጥያቄያችን መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህ ፊልም የሚያፌዝበትን ደንብ ራሱ ያስተምራል። ዐሥር ሰው ዘወር ብሎ ፈገግ ሲል ያየ ተመልካች ዐሥራ አንደኛው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ብሬዲን ያየ ሆነ ያላየ ልዩነት የለውም። ከዚያ በኋላ ደንቡ ሲፈርስ የሚፈርሰው አሜሪካውያን ከልጅነታቸው የለመዱት ብቻ ሳይሆን እኛም ከሦስት ደቂቃ በፊት የተማርነው ነው። ስለዚህ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣው ልጅም ይሥቃል።

ደንቡስ እንዴት ፈረሰ? በቤቱ ውስጥ ከቤተ ሰቡ ኋላ አንድ ሰው አለ። መጀመሪያ ላይ በጥግ ቆሞ፥ በሌሎቹ ትከሻ መካከል ይታያል። ስም ያልተጻፈለትን ሰው ላለማየት ስለ ተማርን አናየውም፤ እኔም ፊልሙን ሁለተኛ ጊዜ እስካየው ድረስ ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያ መኖሩን ማመን አቃተኝ። ይህ ሰው ዊልያም ቶካርስኪ የተጫወቱት ገዳይ ነው። ቆንጨራውን ይዞ ከመግቢያ ወደ መግቢያ እየተዘዋወረ ሰዎቹን ይፈጃል፤ ዘፈኑ ግን አይቋረጥም። አንዲት ወጣት ከርሱ ሸሽታ በጨለማ ትደበቃለች፤ ከሥሯ የተጻፈው ቢጫ ስም ግን በጨለማው ውስጥ ያበራልና አሳልፎ ይሰጣታል። በመላው ፊልም ከዚህ የበለጠ ብልኅ ነገር አላየሁም። በ«ጊሊጋንስ አይላንድ» ስም አለመጠራት ጕዳት ነበር፤ እዚህ ደግሞ ስም ያለው ሰው መሸሸጊያ አጣ።

ሌላም አለ። በሐኪም ቤት አንድ በሽተኛ ይቀርባል፤ ሕመሙም መግቢያ የማያቋርጥበት በሽታ ሆኖ ይገኛል። ቀጥሎ ሰዎቹና ስሞቻቸው ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ቢጫዎቹ ፊደሎች እንደ ሰው ቆመው ይንቀሳቀሳሉ፤ ሰዎቹ በስማቸው ፋንታ ከሥር እንደ ጽሑፍ ይጋደማሉ። በፓሪስ በ1924 የጀመረው ሱሪያሊዝም የተባለው የጥበብ ክፍል ነገሮችን ከተለመደ ቦታቸው አንሥቶ እንደ ሕልም መቀላቀልን አስተምሯል፤ የኬሊ ቀልድም የዚያ ወገን ነው። ነገር ግን እንዲሁ የተዘበራረቀ አይደለም። ሕልሙ ሁልጊዜ የሚጫወተው በዚያው በሦስቱ ዕቃዎች፥ በዘፈን፥ በፈገግታና በስም ብቻ ነው። እንዳሻው ቢሆን ኖሮ ሁለት ደቂቃ እንኳ ባልታየ ነበር። በመጨረሻው ላይ ክፉኛ የቈሰለው ስማርፍ በደረቱ እየተሳበ ሄዶ አንድ ቀይ ቁልፍ ይጫናል፤ ሁሉም እንደ ቀድሞው ይሆናል። አሻንጕሊት መሆኑን እያወቅሁ ቁልፉ ጋ እንዲደርስ መመኘቴን መናገር አያሳፍረኝም።

ከሰባት ዓመት በኋላ፥ በ2021፥ «ዋንዳቪዥን» የተባለ የዘጠኝ ክፍል ታሪክ ይኸንኑ ወግ ለሌላ ጕዳይ አዋለው። ዋንዳ የተባለችው ባለ ታሪክ የምትወደው ሰው ሞቶባት በአስማት ኀይል አንድ ከተማን ወደ ሲትኮም ትለውጣለች። መግቢያው ከክፍል ወደ ክፍል ዘመን እየለወጠ ይሄዳል፤ አንዱ እንደ 1950ዎቹ፥ ሌላው እንደ ብሬዲዎች፥ ሌላውም እንደ 1980ዎቹ ይሆናል። የመጀመሪያው ክፍል እንደ ጥንቱ በጥቁርና ነጭ፥ በተመልካች ፊት ተሠራ፤ አዘጋጆቹም ከዲክ ቫን ዳይክ ከራሳቸው ዘንድ ሄደው ምክር ጠየቁ። ምክንያቱ በስምንተኛው ክፍል ይገለጣል። ዋንዳ በልጅነቷ፥ ጦርነት በነበረበት አገር፥ ከወላጆቿና ከወንድሟ ጋር ተቀምጣ የሚስተር ቫን ዳይክን ቀልድ ስትመለከት ቤታቸው በቦምብ ተመታ፤ ወላጆቿም ሞቱ። እንግዲህ ሐዘን ሲጠናባት የሸሸችው ሰው ወድቆ ወደማይጐዳበት፥ ችግር በግማሽ ሰዓት ወደሚያልቅበት ዓለም ነው። የኬሊ ፊልም ይህን የተስፋ ቃል ሲያፈርሰው እንሥቃለን፤ ዋንዳ ልትጠብቀው ስትታገል እናዝናለን። የተስፋው ቃል ግን አንድ ነው።

እውነተኞቹ መግቢያዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ እያጠሩ ሄዱ፤ ተመልካቹ በእጁ በያዘው መቈጣጠሪያ ጣቢያ እንዳይለውጥባቸው ባለጣቢያዎቹ ስለ ሠጉ ነው። በ2017 ደግሞ ኔትፍሊክስ መግቢያውን በአንድ ንክኪ የሚያዘልል ቁልፍ አወጣ። ይህን ቁልፍ በ«ቱ ሜኒ ኩክስ» ላይ ማዋል ቢቻል የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው፦ መግቢያው ሲያልቅ አባትየው በሩን ከፍቶ ወደ ቤቱ ይገባል፤ መምጣቱን ለሚስቱ ያስታውቃል፤ ያልታየው ሕዝብ ያጨበጭባል፤ ትርኢቱም በዚያው ያልቃል።